ሃያ ሦስተኛው መንጠቆ

ሄስተር ቶምስ የኮምበርንን ቤተ ክርስቲያን ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በላይ ጠርጋለች። ወለሉን ድንጋይ በድንጋይ ታውቀው ነበር፤ የትኛው አግዳሚ ሲቀመጡበት እንደሚንቋቋ፣ የትኛው መቃብር ላይ ያለው ስም በጫማ ብዛት እንደጠፋ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት በኩል እንደሚሰርግ ዓይኗን ጨፍና ትነግራችሁ ነበር። በምዕራብ በኩል ያለውን ጣሪያ ግን ቀና ብላ አታየውም ነበር። ከበታቹ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ፣ መጥረጊያዋን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ እንደ ሌባ ሹክክ ብላ ነበር የምታልፈው።

እዚያ ላይ የተሰቀሉት አክሊሎቹ ናቸው።

በኮምበርን አንዲት ሴት ሳታገባ ስትሞት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ኮረዳም ትሁን የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣ በክብሯ ኖራለች ከተባለ አክሊል ይሠራላታል። ልምጭ በክብ ታጥፎ፣ ነጭና ጥቁር የወረቀት አበባ ይለብስና አምስት የወረቀት ጓንት ዙሪያውን ይንጠለጠልበታል። ነጭ የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች ከሬሳው ፊት ፊት ይዘውት ይሄዳሉ። ከዚያ ሦስት እሑድ ሕዝብ ፊት ይሰቀላል። ጓንቶቹ «ስሟን የሚያነሣ ካለ ይውጣና ይግጠመን» ማለት ናቸው። በሦስተኛው እሑድ ቄሱ «በዚህች ልጅ ላይ የሚናገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዝም ከተባለ አክሊሉ ወደ ጣሪያው ወጥቶ የራሱ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል፤ በስብሶ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ ሰው አይነካውም። መቶ ዓመት ያለፈው አለ። ጥቁሩ ቡናማ፣ ነጩ ቢጫ ሆኖ፣ በር በተከፈተ ቁጥር እዚያ ላይ ሆነው ይንሾካሾካሉ።

መንጠቆዎቹ አርባ ሁለት ናቸው። አክሊሎቹ አርባ አንድ። ሃያ ሦስተኛው መንጠቆ ባዶውን ነው።

የዚያ ባዶ መንጠቆ ባለቤት ሌቲ ሃስኬል ነበረች። የንግሥቲቱ የንግሥና ሃምሳኛ ዓመት በተከበረበት መከር፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ሌቲ ስትስቅ ሳቋ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ለሄስተር ከልጅነት ጀምሮ አንድ አግዳሚ የተካፈለች ጓደኛዋ ናት፤ የሌቲ ወንድም አሞስ ደግሞ፣ አባቱ ጋ የፈረስ ጫማ እየመታ ብረት ቅጥቀጣ የሚማር ጎረምሳ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት ሄስተርን እስከ ድልድዩ ይሸኛት ነበር። በዚያው በጋ ሌቲ ከባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ጋር ወንዙ ዳር ስትሄድ ሁለት ጊዜ ታየች። ሁለት ጊዜ! የከተማችን አፍ ግን ሁለቱን ሃያ አደረገው። ሰው ሥራ ሲፈታ ምን ያደርጋል? የሰው ልጅ ስም ያኝካል።

አክሊል የመሥራት ሙያ የሄስተር አክስት የፕሩደንስ ነበር። ያን ሰሞን የፕሩደንስን ጣቶች ቁርጥማት ይዟቸው ስለነበር የሌቲን አክሊል ሄስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሠራች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዷ ጓንት በሰም በታሸ ክር ዘጠኝ ጊዜ ትወጋለች። አራቱን እንባዋ ወረቀቱን እንዳያርሰው ፊቷን ወደ ጎን እያዞረች ሰፋች። አምስተኛዋ ላይ ክሩ አለቀ። ክር የሚሸጠው ሱቅ ከገበያው ማዶ ነው፤ ውጪ ዝናቡ ያወርደዋል። አበባዎቹ የተለጠፉበት የዱቄት ሙጫ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ፣ እጇ ሥር ተቀምጧል።

«አንዲት ጓንት ናት፤ ማን ያያታል?» አለች፤ ለጠፈቻት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘነበ። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አላበው። በሦስተኛው እሑድ የዚያን ጊዜው ሽማግሌ ቄስ መጽሐፋቸውን አጥፈው «በዚህች ልጅ ላይ የሚናገር አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልተነፈሰም። በዚያ ጸጥታ መሐል፣ ጠብ። ጓንቷ ከአክሊሉ ወርዳ መተላለፊያው ድንጋይ ላይ አረፈች።

ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ዳይና ስቶክ የምትባል፣ በዚያው ዓመት የተዳረች ሙሽራ፣ አፏን በእጇ ይዛ «እግዜር ራሱ መለሰ!» አለች።

በቃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሌቲ እናት ወይዘሮ ሃስኬል ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው ጓንቷን አነሡ፣ ገልበጥ አድርገው አዩዋት፣ ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ አልረገጡም። አክሊሉ በማግስቱ ወረደ፤ የት እንደገባ ማንም አልጠየቀ።

ሄስተር ያኔ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። አክስቷ ፕሩደንስ በዚያ በታመመ እጇ ጉልበቷን ጨምድዳ ያዘቻት። ቤት ሲገቡ «ሆድ ይፍጀው!» አለቻት። «ይህን ብትናገሪ ነገ ስለ ሌላው አክሊል ሁሉ ይጠይቁናል። የአያቶችሽን እጅ ልታዋርጂ ነው? ልጅቷ እንደሆነ ሞታለች፤ የሞተ ሰው ምን ይጎዳል?»

«እናቷ አልሞተችም።»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

ዝም አለች። ለሚቀጥለው እሑድ እናገራለሁ አለች፤ ለገና አለች፤ ለፋሲካ አለች። ዛሬ ነገ ስትል አንድ ቀን ክረምት ላይ አሞስ ድልድዩ ላይ ጠብቆ አስቆማት። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር።

«ሄስተር፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ምን ነገር?»

«እንጃ። ካለሽ ብዬ ነው።»

«የለኝም» አለች።

ባርኔጣውን አጠለቀና ሄደ። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው «እንደምን አደርሽ፣ እንደምን አደርክ» ብቻ ቀረ። እሱም አላገባ፣ እሷም አላገባች። አሞስ እሑድ እሑድ ደወሉ ሲመታ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ያለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ መጥቶ መቀመጥ ጀመረ። ፒፓውን አፉ ላይ ሰክቶ፣ ዝናብም ሲሆን ውሃ የማያስገባ የዘይት ጨርቅ ራሱ ላይ ጥሎ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ነው። አይገባም፣ አይሄድም። የመጡት ቄሶች ሁሉ ለመኑት፤ «እዚሁ ደህና ነኝ» ይላል። እኛ ከእግዜር ጋር የተጣላ ነው አልን። ልጆች «አቶ ግንቡ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ሄስተር የመጥረጉን ሥራ የያዘችው በዚያው ዓመት ነው። ጽድቅ ፈልጋ የመሰለው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ዝናብ በጣለ ቅዳሜ፣ ብቻዋን ስትጠርግ፣ ከምዕራብ በኩል ያን ድምፅ ትሰማለች። ጠብ። ለስላሳ፣ ቀላል፣ ወረቀት በድንጋይ ላይ። መጀመሪያ የሰማች ዕለት መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች፤ ወለሉ ላይ ምንም የለም። በሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ ሰማች፤ ምንም የለም። እንዲህ እያለ አርባ ዘጠኝ ዓመት። አንዳንድ ቀን ጓንቷ ሁለቴ ትወድቃለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳትወድቅ ትቆይና ሄስተር በሩን ልትቆልፍ ቁልፉን ስታዞር ትወድቃለች። ይኼ ነው የሚብሰው። ማንም ሌላ ሰምቶት አያውቅም፤ ጆሮ የየሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሠራቻቸውን አክሊሎች ጓንቶች ዘጠኝ ሳይሆን አሥራ ስምንት ጊዜ ትወጋቸው ነበር፤ ብትሰቅሏቸው ሰው ይሸከማሉ።

ይህ ሁሉ ተዳፍኖ እንደኖረ ይኖር ነበር፤ ቄስ ፔንሮዝ ባይመጡ። ቄስ ፔንሮዝ ወጣት ናቸው፣ መነጽር ያደርጋሉ፣ የቆየ ነገር ይወዳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራበት ሰባት መቶኛ ዓመት ሊከበር ስለሆነ ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳትማለሁ ብለው ተነሡ። ደወሉን ማን እንደሠራው፣ መስኮቱን የትኛው ጌታ እንዳሠራው፣ ሁሉን ጽፈው ጨረሱና አንድ ቀን ጠዋት የነሐስ መቅረዝ ስትወለውል ሄስተርን አገኟት።

«ሚስ ሄስተር፣ ስለ አክሊሎቹ የጻፍኩትን ላንብብልዎትና ያርሙኝ። ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም አሉኝ።»

«እነማን አሉዎት?»

«ሁሉም።»

አነበቡላት። ልምጩ፣ አበባው፣ ጓንቱ፣ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ሃያ ሦስተኛው መንጠቆ ባዶ የሆነው ሌቲ ሃስኬል የተባለችው ልጅ ክብሯን ሳትጠብቅ ቀርታ አክሊሏ እንዲወርድ ስለተደረገ ነው።»

ሄስተር መወልወያውን ጨርቅ ጨበጠችው።

«ይኼን ማን ነገረዎት?»

«ወይዘሮ ስቶክ። ዓይኔ እያየ ነው የሆነው አሉኝ።»

«አይጻፉት።»

«ሐሰት ነው?»

አፏን ከፈተች። ያ የአክስቷ እጅ፣ ከመቃብር ወጥቶ ጉልበቷን የያዛት መሰላት። «አይጻፉት ብቻ» አለች።

«ሚስ ሄስተር፣ ታሪክ ነው። ምክንያት ካለ ይንገሩኝና አወጣዋለሁ። እንዲሁ ግን እንዴት?»

«መቼ ነው ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው?»

«ከአንድ ወር በኋላ።»

ጨርቁን አስቀምጣ በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት እሑድ አለኝ» አለች። ቄሱ አልገባቸውም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ወሬ ሲሆን እኮ ይቀላል፤ ወሬ ከአውሪው ጋር ይሞታል። ዳይና ስቶክ ሰባ አልፏታል፤ ሌቲን በዓይኑ ያየ በከተማው ከአምስት ሰው አይበልጥም። ሌላ አሥር ዓመት ቢቆይ ነገሩ አብሯቸው በተቀበረ ነበር። የታተመ ግን አይሞትም። ገና ያልተወለደ ሰው ገዝቶ ያነብበዋል። ሄስተር ይህን ስታስብ፣ አንዴ በሙጫ የገደልኳትን አሁን በቀለም ልገድላት ነው አለች።

በአራት ቀን አዲስ አክሊል ሠራች። ልምጩን ራሷ ቆርጣ አጎበጠች፣ አበባውን አንድ በአንድ ቆረጠች፣ አራት ጓንት ሰፋች። አምስተኛዋን ቆርጣ ልትሰፋ ስትል እጇ እምቢ አላት። አጣጥፋ ከመርፌና ከክር ጋር ኪሷ ውስጥ ጨመረቻት። ከዚያ አክሊሉን ይዛ ቄሱ ዘንድ ሄደች።

«ለሌቲ ሃስኬል ነው» አለች። «እንደ ሕጉ ሦስት እሑድ ይሰቀልልኝ።»

«እሷ እኮ ከሞተች ሃምሳ ዓመት ሊሆናት ነው!»

«ሕጉ መቼ የሞተች አይልም።»

«አራት ጓንት ብቻ ነው ያለው?»

«አምስተኛዋን በሦስተኛው እሑድ እሰፋታለሁ።»

ቄስ ፔንሮዝ ፊቷን አዩና ሌላ አልጠየቁም። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

በመጀመሪያው እሑድ አክሊሉ ተሰቅሎ፣ የሌቲ ስም ሲነበብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደተነካ የንብ ቀፎ አጉረመረመ። «አበስኩ ገበርኩ!» ስትል ዳይና ስቶክ ተሰማች። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሴቶቹ ሄስተርን ከበቧት።

«ምን ቆርጦሽ ነው እትዬ ሄስተር? የተኛ ነገር ትቀሰቅሻለሽ?»

«አርጅታለች፤ ተይዋት ባክሽ።»

«እኔ ነገርኳችሁ» አለች ዳይና በከዘራዋ መሬቱን እየመታች፤ «በሦስተኛው እሑድ ተነሥቼ ነው የምናገረው። እግዜር የፈረደውን ሄስተር ቶምስ ልትሽር? እስቲ እናያለን!»

ሄስተር በመካከላቸው አልፋ ሄደች። በግንቡ በኩል ስታልፍ አሞስ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ሰባ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው አሁንም የበሬ የመሰለ፣ ጢሙ ብቻ የነጣ ሰው ነው።

«የማን ነው?» አላት።

«የሌቲ።»

«በማን ትእዛዝ?»

«በእኔ።»

ፒፓውን ግንቡ ላይ አንኳኳ። «አራት ጓንት ብቻ ነው ያየሁት።»

«ዓይንህ ደህና ነው።»

«ለሩቁ ደህና ነው» አለ። እሷም መንገዷን ሄደች።

በሁለተኛው እሑድ ልትናገር ወስና መጣች። ቃሉን ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው ሰንብታ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሌላው ሲነሣ ተነሣች፣ ሌላው ሲቀመጥ ተቀመጠች፣ አለቀ። ቅዳሜ ሳይደርስ ዝናቡ ጀመረ። ቅዳሜ ስትጠርግ ድምፁን ሰማች። ጠብ። እንደገና፣ ጠብ። ያን ቀን ጓንቷ ሰባት ጊዜ ወደቀች። በሰባተኛው ሄስተር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና «መጣሁ፤ ሌቲ፣ መጣሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ታገሺኝ» ብላ አለቀሰች።

ሦስተኛው እሑድ ሲነጋም ይዘንባል። ሰው ግን ጢም ብሏል፤ ለጸሎት የማይመጣው ሁሉ ለጉድ መጥቷል። ሄስተር የምዕራቡን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከኋላ የተቀመጡት «ኧረ ዝጉት፣ በረድን!» አሉ። «አይዘጋም» አለች። አሞስ እንደወትሮው ግንቡ ላይ ነው፤ ከዘይት ጨርቁ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

ቄስ ፔንሮዝ መጽሐፋቸውን አጠፉ።

«በሌቲ ሃስኬል ላይ የሚናገር አለ?»

ከዘራው ድንጋዩን መታ። ዳይና ስቶክ አግዳሚውን ተደግፋ ተነሣች። «እኔ አለኝ። እዚችው ቦታ ተቀምጬ ነበር። ማንም ሰው ክፉ አልተናገራትም። ጓንቷ ራሷ ናት የወደቀችው፤ ንፋስ የለ፣ የነካት የለ። እግዜር ነው የፈረደው። እኔም አልሽረውም።»

«እግዜር አይደለም፣ ዳይና» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሄስተር ቆማለች። እንዴት እንደተነሣች ራሷም አላወቀችም።

«አክሊሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። አምስተኛዋ ጓንት ላይ ክር አለቀብኝ። ሱቁ ሩቅ ነበር፣ ዝናብ ነበር። በዱቄት ሙጫ ለጠፍኳት። ሙጫ ሲረጥብ ይለቃል። ይኸው ነው። ሌቲ ምንም አላደረገችም። ከእናንተ ሁሉ ንጹሕ ነበረች፤ ከእኔማ አይነሣ። አውቄ ዝም አልኩ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ።»

ዳይና ስቶክ አፏ ሁለት ሦስቴ ተከፈተና «አሁን ነው የምትነግሪን?» አለች፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር።

«አሁን ነው» አለች ሄስተር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ ግን ማን ያሳድረዋል? ሙጫውስ የሄስተር ነው፣ እሺ። የወደቀች ወረቀትን ፍርድ ያለበሳት፣ ወይዘሮ ሃስኬል ሲያልፉ መንገድ የቀየረው፣ ልጆቹን «አቶ ግንቡ» ያስባለው ማን ነው? እኛ ነን። ያን ዕለት እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያወቀው ይመስለኛል፤ የጎረቤቱን ፊት የሚያይ አልነበረም።

ያኔ ነው ከደጅ የቡት ጫማ ኮቴ የተሰማው። አሞስ በሩ ላይ ቆሞ የዘይት ጨርቁን አወለቀ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ገባ። ውሃ እያንጠባጠበ መተላለፊያውን መጣና ሄስተር ፊት ቆመ። ከኮቱ ውስጥ ኪስ የእናቱን የመርፌ ቆርቆሮ አወጣ፤ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ከፈተ።

ጓንቷ እዚያ ውስጥ ናት። ቢጫ ሆናለች፤ አንድ ጣቷ ታጥፏል።

«ገልብጠሽ እያት» አላት።

አልነካቻትም። ማየት አላስፈለጋትም።

«መርፌ አልነካትም። የሙጫ እድፍ ብቻ ነው ያላት። እናቴ ያኔውኑ፣ ገና ስታነሣት ነው ያየችው።»

ሄስተር የአግዳሚውን ጫፍ ያዘች። «ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እናት ስለ ልጇ ብትናገር ማን ያምናታል? የሠራችው እጅ ትናገር አለች። ‹ደግ ልጅ ናት፣ ትናገራለች› አለች። ተገዶ የወጣ ቃል የልጄን ስም አይመልስም አለች። እኔን ደጁ ላይ ተቀመጥ አለችኝ፤ የተናገረች ቀን ከእኛ ወገን የሚሰማ እንዳይጠፋ። እሷ ሰባት ዓመት ጠብቃ ሞተች። ስትሞትም ‹ተናገረች?› ብላ ነው የጠየቀችኝ።»

«አሞስ…»

«ድልድዩ ላይ ጠየቅኩሽ።»

«ጠየቅከኝ።»

«ያኔ ብትነግሪኝ አገባሽ ነበር። እናቴ ቀለበቷን ሰጥታኝ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

ሄስተር አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የነበረውን ግን ያየን ሰዎች እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ይቅር በለኝ አላለችም፤ ቃሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታውቀዋለች። እሱም ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። ቆርቆሮውን ዘርግቶላት ቆሞ ቀረ።

«ስፊያት» አላት በመጨረሻ።

ኪሷ ውስጥ የነበረችውን አዲሷን ጓንት ተወቻትና መርፌውን ብቻ አወጣች። ክሩ ግን አልገባ አላት፤ አሞስም ለቅርቡ ዓይን የለውም። ቄስ ፔንሮዝ ወርደው መጡና መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ክሩን አስገቡላት። አክሊሉን አወረዱላት። ሄስተር መተላለፊያው መሐል ተቀምጣ፣ ያችን ቢጫ ወረቀት እንዳትሰበር በትንፋሿ እያለሰለሰች፣ ዘጠኝ ጊዜ ወጋቻት። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይቆጥር ነበር። ዘጠነኛው ላይ ቄሱ ጥያቄያቸውን ደገሙት። ዳይና ስቶክ ተቀምጣ ነበር፤ ሳትነሣ፣ ጉልበቷን እያየች፣ «የለም» አለች። ከዚያ አክሊሉ ወደ ሃያ ሦስተኛው መንጠቆ ወጣ።

ቄስ ፔንሮዝ ያን መስመር ከመጽሐፋቸው ሰረዙት። አሞስ ከዚያ በኋላ ግንቡ ላይ አልተቀመጠም፤ በእናቱ አግዳሚ ላይ ነው። ከሄስተር ጋር ግን ያው «እንደምን አደርሽ» ነበር፤ ሌላ ነገር ለመጀመር ጊዜው አልፎባቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝናብ ሲጥል ሄስተር መጥረጊያዋን ይዛ ከምዕራቡ ጣሪያ በታች ትቆማለች፤ አሁን ቀና ብላ። ትጠብቃለች። ምንም አይወድቅም። እሷ ግን መጠበቁን አልተወችም፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት የለመደ ጆሮ በምን ይመለስ?

በሁለተኛው ክረምት፣ ጉንፋን ነው ብላ በተኛችበት፣ በአራት ቀን አረፈች። አሞስ ያን ሳምንት ምድጃውን አንድዶ ዋለ፤ ወፍራም የብረት መንጠቆ ቀጥቅጦ፣ መሰላል ይዞ ገብቶ፣ ሰው አግዙኝ ሳይል፣ ከሌቲ አክሊል አጠገብ ባለው የጣሪያ ወራጅ እንጨት ላይ ራሱ መታው። አርባ ሦስተኛው ነው። ቄስ ፔንሮዝ በሦስተኛው እሑድ ሲጠይቁ እሱ ነበር ተነሥቶ «በእሷ ላይ የሚናገር የለም» ያለው።

የሚሰቀል ነገር ግን አልነበረም። አክሊል መሥራት የምታውቀው ሄስተር ብቻ ነበረች፤ የዛሬ ልጃገረዶች ብስክሌትና ሲኒማ እንጂ ወረቀት መቁረጥ ማን ይማር? ስለዚህ መንጠቆው እስከ ዛሬ ባዶውን ነው። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ ይቆጥርና «ይህቺኛዋስ ምን አጥፍታ ነው?» ይለናል። እኛም አግዳሚው ላይ አስቀምጠን ከመጀመሪያው እንነግረዋለን።